የውሰት ልጅ

«እኔ ማነኝ?»

«ልብስ ሰፊዋ።»

«እትዬ ሃሎስ?»

«አያቴ።»

«እናትሽስ የት ናት?»

«ለሥራ ሩቅ አገር ሄዳለች።»

«ጎበዝ!» አለችና ልብስ ሰፊዋ ልጇን ግንባሯ ላይ ሳመቻት።

ገና ማለዳ ነው። ልብስ ሰፊዋ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የመጨረሻ ልጇን በጉልበቶቿ መሃል አቁማ ፀጉሯን እየጎነጎነች ነበር ይህን ሁሉ የምትጠይቃት። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ምርቃት ይሏታል፤ ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ሦስት ልጅ ይበቃናል ተባብለው ከተስማሙ በኋላ ሳትጠራ የመጣች በመሆኗ፣ ነጋዴ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ከላይ ጣል የሚያደርገው ዓይነት ናት እያለ ሲስቅ ስሙ በዚያው ጸናባት። ዛሬ ግን አባትየው አልሳቀም። ጀርባውን ሰጥቷቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ልጅቷ አንድም ጥያቄ አልሳተችም። ለእሷ ጨዋታ ነው፤ በትክክል ስትመልስ ከረሜላ ታገኛለች። «ሩቅ አገር ሄዳለች» ስትልም ከረሜላውን ባንድ ጉንጯ ወጥራ የእናቷን ዓይን ዓይን እያየች ነው። ጎንጉና እስክትጨርስ ደጋግማ ጠየቀቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጆች ደህንነት ደንብ የሚባል ነገር ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። እውነት ለመናገር በራዲዮ ሲነበብ ማንም ሰው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ የሚሰማው ደንብ ነበር። ልጆች ተጣበው አይደጉ፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መኝታ ይኑረው፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ልጅ በላይ አይኑር ይላል። ማን ይጠላል? እንግዲያው ክፍል ጨምሩልን ያለ ሰው ግን መልስ አላገኘም። ከሦስት በላይ የሆነው ልጅ፣ ቤተሰቡ ሰፋ ያለ ቤት እስኪያገኝ ድረስ፣ መንግሥት የከፈተው የልጆች ማደሪያ ይገባል፤ ደንቡን ከሚያስፈጽመው ቢሮ የሚላኩ ጎብኚዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጁንም ክፍሉንም ይቆጥራሉ። ይህቺ «እስኪያገኝ ድረስ» የምትባል ነገር ናት እንግዲህ የስንቱን ቤት ያፈረሰችው። ደንቡ ሌላም ጎን አለው፤ ልጅ ሳይኖረው በመንግሥት ቤት ብቻውን የሚኖር ሰው ክፍሉን ልጅ ላላቸው ለቆ ወደ ጋራ መኖሪያ ይሄዳል። እነ ልብስ ሰፊዋ የሚኖሩበት ግቢ ጥግ ይኖሩ የነበሩት ሽማግሌ ዘበኛ በዚህ ደንብ ክፍላቸውን ለቀው ሄዱ። ባለ ብዙ ልጅ ይገባበታል ተብሎ ሲጠበቅ ቢሮው የተሰበሩ ወንበሮቹን አምጥቶ አጨቀበት። አሁን ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም።

ከግቢው ሰው ሁሉ ቀድሞ ደንቡ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ፀጉር አስተካካዩ ነው። አራተኛ ልጁን እሺ ብሎ በስምምነት ሰጠ። ሚስቱ ልጁን ከወሰደው መኪና ኋላ እየሮጠች ስለጮኸች የተረጋጋች እናት አይደለችም ተባለና ሦስተኛውም ተከተለ። አሁን በየእሁዱ ማደሪያው በር ላይ ተሰልፎ ያያቸዋል። ባለፈው አንደኛው ልጅ ለግማሽ ቀን ቤቱ እንዲመጣ ተፈቀደለትና፣ የገዛ አልጋው አጠገብ ቆሞ «ልቀመጥ?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ማደሪያው ልጅ አይደበድብም፣ አያስርብም። እንዲያውም ልጁ ጉንጩ ሞልቶ፣ ጫማው ተወልውሎ ነው የመጣው። አባትየው የሚከስበት ነገር ያጣውም ለዚህ ነው። ሚስቱ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሰላም ሲላት ራሷን ብቻ ነው የምትነቀንቀው።

የማዋሱን ሐሳብ ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት። ከእነሱ በር ፊት ለፊት፣ ከውሃው ቧንቧ ማዶ፣ እትዬ ሃሎ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ በራቸው ሲንኳኳ እንኳ «ሃሎ!» ነው የሚሉት፣ ልጆቹም ስሙን ያወጡላቸው ለዚያ ነው። ባል አላገቡም፣ ልጅም የላቸው። ክፍላቸው መንገዱን የሚያሳይ መስኮት አለው፤ ጠረጴዛቸው ላይ መስመሩ ከተቆረጠ የቆየ ስልክ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እሳቸው ልጅ በማጣት ቤት ሊነጠቁ ነው፣ እሷ ቤት በማጣት ልጅ ልትነጠቅ ነው። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ተገናኝተው ተራ ሲጠብቁ «እትዬ፣ ጎብኚዎቹ የሚመጡ ቀን ትንሿን ላውስዎት?» አለቻቸው። ድስት ወይ ወንፊት የምታውስ ይመስል እየሳቀች ነው ያለችው። እትዬ ሃሎ አልሳቁም። ባልዲያቸው ሞልቶ እግራቸው ላይ እስኪፈስ ድረስ አሰቡና «በሰላም መልሼ አስረክብሻለሁ» አሉ። ሦስቱ ትልልቆች ትምህርት ቤት ስለሚታወቁ የሚደበቁ አይደሉም፤ ትንሿን ግን ከግቢው ሰው በቀር የሚያውቃት አልነበረም። የሟች እህታቸው የልጅ ልጅ ናት ይባል፣ እናቷ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዳለች ይባል ተብሎ ተወሰነ።

ባሏ በያጅ ነው። ይህን ሲሰማ «ልጅ ባልዲ ነው እንዴ?» አለ። ደንቡ የጠቀመው ሰው ቢኖር እኮ እሱ ነው፤ ከወጣ ወዲህ ተደራራቢ አልጋ የማያዝ ቤት የለም። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥና ሲበይድ ነው የሚውለው። የሰውን ልጅ ሁሉ ፎቅ ላይ ሲያስተኛ ከርሞ የራሱን አራተኛ የሚያስተኛበት አጣ። የእነሱ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሦስት ደርብ ካቆመ በኋላ ላይኛው ላይ የሚተኛው ልጅ ቀና ብሎ መቀመጥ እንኳ አይችልም። ለቀናት ካኮረፈ በኋላ ግን ከትርፍራፊ ብረት አንዲት ትንሽ አልጋ ሠራ፤ ሰማያዊ ቀብቶ ትናንት እትዬ ሃሎ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር አስገባት። ምርቃት የራሷ የሆነ አልጋ ኖሯት አያውቅም። ላዩ ላይ ወጥታ ስትዘል ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና የእግሯ መዳፍ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰች፤ እናትየው በሳሙና ስትፈትጋት አመሸች።

የጉብኝቱ ቀን ዛሬ ነውና፣ ፀጉሯን ከጨረሰች በኋላ ልጅቷን እጇን ይዛ ግቢውን አሻገረቻት። «ሃሎ!» አሉ እትዬ ሃሎ ከውስጥ። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አስተኝተው ነበር የጠበቁት። ምርቃት የእናቷን እጅ ለቀቀችና በቀጥታ ሄዳ አልጋዋ ላይ ወጣች። «ከዚህ አውቶቡሱ ይታያል» አለች በመስኮት እያየች። ልታለቅስብኝ ነው ብላ ፈርታ የመጣች እናት፣ ሳታለቅስ ስትቀር ደግሞ ሌላ ዓይነት ስጋት ገባት።

ከዚያ ወደ ቤቷ ተመልሳ በረንዳው ላይ ካለው የስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀመጠች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ሥራው ከአቅም በላይ ነው። የጨርቁም የክሩም ዋጋ ካምና እጥፍ በመሆኑ ሰው ዘንድሮን ብቻ አስቦ አያሰፋም። ዩኒፎርም የምታስለካ እናት ሁሉ የምትለው አንድ ነው፤ «ከታች እጠፊበት፣ ያድጋል።» እሷ ደግሞ የታወቀችው በዚህ ነው። እጥፉን ደራርባ ትሠራዋለች፤ ቀሚሱ ሲያጥር አንዱን ክር መሳብ ነው፣ እጥፉ ይለቀቅና ሌላ ዓመት ያስለብሳል። ሌላኛው ክር ደግሞ ለሚመጣው። «ምን ያህል ልጠፍበት?» ስትላቸው እናቶች ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች ያዩና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይገምታሉ። ሌላ ጊዜ ይህቺን ግምት ትወዳታለች፤ ጨዋታ ይመጣባታል። ዛሬ አንዷ ደንበኛ «የሱ አባት ቀጭኔ ነው፣ ምንም አትቆጥቢበት» ብላ ልታስቃት ስትሞክር፣ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከግቢው በር አልነቀለችም።

ጎብኚዋ ረፋዱ ላይ መጣች። የግቢው ሰው ሁሉ ግንባሩን የቋጠረ ነገረኛ ነበር የጠበቀው። የመጣችው ግን ድምፅዋ የለሰለሰ ወጣት ናት፤ ጫማዋን ደጃፉ ላይ ጠርጋ፣ ልግባ ወይ ብላ ፈቃድ ጠይቃ ነው የገባችው። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ እጇ ላይ ታብሌት፣ ኪሷ ውስጥ ሜትር አለ። ለሦስቱ ልጆች የሚለጠፍ ኮከብ ሰጠቻቸውና ወዲያው ግንባራቸው ላይ ለጠፉት። የክፍሉን ርዝመትና ወርድ ለካች፤ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፤ ሦስት ደርቡን አልጋ አይታ «ጎበዝ ሠራተኛ ነው የሠራው» አለች። በያጁ ሥራ ቦታው ስለነበር ምስጋናው ሳይደርሰው ቀረ። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከአልጋው ሥር አንዲት ትንሽ ጫማ አወጣች። አንድ እግር ብቻ ናት፤ ቀይ፣ ማሰሪያዋ የተበጠሰ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ጫማ።

«ይቺስ የማን ናት?»

ልብስ ሰፊዋ የደንበኛ ናት እንዳትል ልብስ እንጂ ጫማ አትሰፋም። በመሃል ሁለተኛ ልጇ፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት፣ ረጋ ብላ «የኔ ነበረች፤ ጠበበችኝ። ለአሻንጉሊቴ አልጋ አድርጌያት ነው» አለች። ጎብኚዋ ስቃ ጫማዋን ለልጅቷ ሰጠቻት። እናትየው ልጄ እንዲህ አድርጋ መዋሸት ከማን ተማረች ብላ ልትገረም ስትል፣ ከማን እንደተማረች ትዝ አላትና ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ጎብኚዋ በሩ ላይ አረንጓዴ ምልክት ለጠፈች። አበቃ፣ ተገላገልን ብላ ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ለቀቅ ከማድረጓ፣ «እስቲ አንዴ አብረውኝ ይምጡ፤ ለሚቀጥለው ቤት ጎረቤት ምስክር ያስፈልገኛል» አለቻት።

ይህን ማንም አልነገራቸውም ነበር። ሌላ ሰው ይሁንልሽ እንዳትል በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ከፀጉር አስተካካዩ ሚስት በቀር ትልቅ ሰው አልነበረም፤ እሷ ደግሞ በሯን ዘግታለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ተከተለች። «ሃሎ!» አሉ እትዬ ሃሎ። ምርቃት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። እናቷን ስታይ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ጨዋታው ትዝ ሲላት ፈገግታዋን ዋጠችው። ክፍሉ ውስጥ አሁንም ቀለም ቀለም ይሸታል። ጎብኚዋ አልጋውን ዳሰስ አድርጋ «አዲስ ነው» ስትል፣ እትዬ ሃሎ ጊዜ አላጠፉም፤ «አሮጌው ጠቧት ነው፤ ልጅ ሲያድግ ምን ይደረጋል?» አሉ።

«ደንቡ ስለሚያስገድደኝ ነው የምናገረው» አለች ጎብኚዋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራ፣ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል። «ምስክርነቱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ በሁለቱም ቤት ያሉ ልጆች በሙሉ ማደሪያ ነው የሚገቡት። ይህቺን ልጅ ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«የማን ናት?»

«የእሳቸው ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጎብኚዋ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች። ኮከብ ሰጠቻት። ይህቺ ማናት ብላ ልብስ ሰፊዋን በጣቷ ስታሳያት፣ ምርቃት «ልብስ ሰፊዋ!» አለች፣ ከረሜላዋን ለመቀበል እጇን መዘርጋት ብቻ እስኪቀራት ድረስ። ጎብኚዋ በጣም ተደሰተች። ቀጥላ እትዬ ሃሎን ቀና ብላ አየችና ዝቅ ባለ ድምፅ «እናቷስ?» ስትል፣

«ሞታለች» አሉ እትዬ ሃሎ።

እትዬ ሃሎ ልብስ ሰፊዋን አላዩዋትም፤ የስልኩን ዳንቴል ነበር የሚያስተካክሉት። ምርቃት ግን መልሱ እንደተሳሳተ ገባት። ጠዋት ሲጠያየቁ የነበረው እንዲህ አልነበረም። አያቷ ተሳስተዋልና ልታርማቸው ፈልጋ «አይደለም፣ ሩቅ አገር ሄዳለች!» አለች ጮክ ብላ። ጎብኚዋ ልጅቷን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። «አዎ የኔ ቆንጆ» አለቻት፤ «ሩቅ አገር ነው የሄደችው።» ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ክፉ ሰው ብትሆን ምን ነበረበት? ክፉ ብትሆን ምልክቷን ለጥፋ፣ ሜትሯን ኪሷ ከታ ትሄድ ነበር። ይህቺ ግን ልቧ ተነካ። ስልኳን አውጥታ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ለረጅም ጊዜ አወራች፤ «እናት የላትም… አዎ፣ አሮጊት ናቸው… ብቻቸውን» ስትል ይሰማል። ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ከከተማው ዳር አዲስ ሕንጻ ተሠርቷል፤ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች ቅድሚያ ያገኙበታል። ሁለት ክፍል ነው፣ ከሥሩ የልጆች መዋያ አለው፣ ሐኪም አለው፣ ለልጆቹ ወተት ይሰጣል። ነገ ጠዋት ቤተሰቦችን የሚያጓጉዝ መኪና አለ፣ አንድ ቤት ተርፏል፣ ለምና አስያዘችው። «ሰው እንደፈለገ አይገባበትም፤ ለልጆቹ ደህንነት ሲባል ከተመዘገበ ዘመድ በቀር ማንም በሩን አያልፍም። ምንም አያስቡ» አለች። እትዬ ሃሎ ወንበራቸው ላይ ዝግ ብለው ተቀመጡ። ሁለት ክፍል የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ አንዲት ፈገግታ መጥታ ሄደች። ብልጭ ብላ የጠፋች ናት፤ ልብስ ሰፊዋ ግን አየቻት። ካየቻት በኋላ ደግሞ እንዳላየች ለመሆን አልቻለችም።

ጎብኚዋ የሁለቱንም እጅ ጨብጣ፣ ልጅቷን ስማ ወጣች። የእትዬ ሃሎ በር ላይም አረንጓዴው ምልክት ተለጠፈ። እናት፣ ልጅና እትዬ ሃሎ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ምርቃት «ከረሜላዬስ?» አለች። ልብስ ሰፊዋ ከኪሷ የቀረውን ሁሉ አውጥታ ሰጠቻት።

«ለምን ሞታለች አሉ?» አለቻቸው ኋላ። «ሩቅ አገር ሄዳለች አልነበር እንዴ የተባባልነው?»

«ሩቅ አገር ናት ብላት ስልክ ቁጥሯን ይስጡኝ ትለኝ ነበር» አሉ እትዬ ሃሎ። «ስልክ ያለበትን ነገር እኔ አውቀዋለሁ ልጄ። ለሞተ ሰው ብቻ ነው የማይደወለው።»

«አሁንስ?»

«እኔ ምን ላድርግ? አልሄድም ልበል? ለልጅቷ ወተትና ሐኪም እምቢ የምትል ምን ዓይነት አሳዳጊ ናት አይሉም? መጠየቅ ይጀምራሉ።» ቀጥለው «በየእሁዱ ይዣት እመጣለሁ። ነገሩ እስኪቀዘቅዝ ነው፣ ለጥቂት ሳምንት» አሉ። በየእሁዱ የሚለውን ሲናገሩ ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ወደ ፀጉር አስተካካዩ በር ዞረች። በሩ ገርበብ ብሎ ሚስትየዋ በቀዳዳው ታያቸው ነበር። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ ሰላም እንደተባለ ሰው።

በያጁ ለምሳ ሲመጣ በበሩ ላይ ያለውን አረንጓዴ ምልክት አይቶ ደስ ብሎት ገባ። ነገሩን ቆማ ነው የነገረችው። ሰማና እጁን እንኳ ሳይታጠብ «እንሂድና እንናገር» አለ፤ «ተነሺ፣ ቢሮው ሳይዘጋ እንናገር። አጠፋን እንበል፣ እግራቸው ላይ እንውደቅ።» እሷ አልተነሳችም። ሦስቱ ልጆች የተሰጣቸውን ኮከብ ግንባራቸው ላይ እንደለጠፉ አልጋቸው ላይ ተደራርበው ተቀምጠው፣ ከላይ እስከ ታች ያዩዋቸዋል። ባልየው እነሱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እንደገና እነሱን አየ። «ሁሉንም ነው ያለችው?» ሲል ጠየቀ። «ሁሉንም» አለች። ከዚያ በኋላ ምሳው ቀረበ፤ የበላ ግን የለም። ልጅን ባልዲ ያደረግሽው አንቺ ነሽ ቢላት በወደደች ነበር። እሱ ግን አላለም። ባይልም፣ ከአሁን በኋላ ባልና ሚስት ዝም ባሉ ቁጥር ይህቺ ነገር መሃላቸው እንደምትቀመጥ ሁለቱም አውቀዋታል። ሁለተኛዋ ልጅ ቀይዋን ትንሽ ጫማ በእጇ እያገላበጠች «እማ፣ ትምህርት ቤት ስንት እህትና ወንድም ናችሁ ሲሉን ስንት እንበል?» አለች።

«ሦስት» አለች እናትየው።

ከሰዓት በኋላ በያጁ ሥራ አልሄደም። መጋዙንና መበየጃውን አምጥቶ እትዬ ሃሎ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ሰማያዊው አልጋ ነገ መኪና ላይ መጫን ስላለበት እግሮቹን ቆርጦ፣ በብሎን ታስረው የሚፈቱ አደረጋቸው። ምርቃት አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ብሎኖቹን ታቀብለው ነበር። ነገ ትልቅ መኪና ላይ እንደምትወጣ እትዬ ሃሎ ነግረዋታል፤ ሹፌሩ አጠገብ ነው ወይስ ኋላ የምቀመጠው እያለች አባቷን ታደርቀዋለች። ሹፌሩ አጠገብ አላት። ጥሩምባውንስ ያስነፋኛል ስትለው፣ መበየጃ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ። የሚበየድ ነገር ግን አልነበረውም።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የደንበኞቹን ዩኒፎርም ሁሉ ወደ ጎን ገፍታ፣ ለማን እንደምታደርገው ሳታውቅ ለዓመታት ያስቀመጠችውን አንድ ጥሩ ጨርቅ አወጣች። ቡናማ፣ ወፍራም፣ በማጠብ ብዛት የማይሳሳ ጨርቅ ነው። ልጅቷን ጠርታ መለካት አላስፈለጋትም፤ ቁመቷን እጇ ያውቀዋል። ስትቆርጥ ግን ልኳን ትታ ቆረጠች። አንገቱን በላስቲክ አደረገችው፣ ብብቱን አሰፋችው፣ እጅጌውን አርዝማ ወደ ውስጥ አጠፈችው። የታችኛው እጥፍ ላይ ስትደርስ እግሯ ከመርገጫው ላይ ቆመ። ሌሎቹን እናቶች ምን ያህል ልጠፍበት እያለች ስትጠይቅ ነው የኖረችው፤ አሁን እሷን የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። ቀና ስትል ልጅቷ ግቢውን አቋርጣ አባቷ ጋ ስትሮጥ አየቻት። ከላይ እስከ ታች አየቻት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ገመተች። እንባዋ ጨርቁ ላይ ጠብ ሲል በክንዷ ጠራረገችውና መርገጥ ጀመረች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ሃሎ መጡ። ዕቃቸውን ሲያስሩ ውለው ፀጉራቸው ተበታትኗል። የልጅቷን ልብስ ለመውሰድ ነው የመጡት፤ ልጅቷ ይዛው የምትሄደው ነገር እንዲህ ትንሽ መሆኑ ልብስ ሰፊዋን አሳፈራት። በአንድ ፌስታል አለቀ። እትዬ ሃሎ አዲሱን ቀሚስ አንስተው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት፤ ክብደቱ ሳይገርማቸው አልቀረም፣ ገልብጠው የታችኛውን ጠርዝ በጣቶቻቸው ዳሰሱት። አንዱን እጥፍ አለፉ፤ ሌላ አለ። እሱን አለፉ፤ ሦስተኛ አለ።

«ይህ ሁሉ እጥፍ ምንድን ነው?» አሉ። «ለጥቂት ሳምንት አልነበር እንዴ ያልነው?»

ልብስ ሰፊዋ ጠርዙን ከእጃቸው ተቀብላ የክሩን ጫፍ አሳየቻቸው፣ ለማንኛዋም ደንበኛ እንደምታሳየው።

«ይሄኛውን ሲስቡት ይለቀቃል» አለች። «ከርሞ ሲያጥራት ይፍቱት። ቀጥሎ ያለውን ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛውን ያን ጊዜ ራሷ ትፈታዋለች።»